በገጹ ያልታየ ሁሉ አልተደበቀም

የጥናት መረጃን በድረ-ገጽ ለማሳየት ዛሬ የራስ ሰርቨርም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ተመራማሪው በጎግል ሺትስ ሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ ጥቂት መስመር የጃቫስክሪፕት ኮድ ደግሞ አዲስ የገባውን እያነበበ በገጹ ላይ ያወጣል። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በጥር 2012 ዓ.ም. የከፈተው የኮቪድ-19 ሥርጭት ገጽ መረጃውን በመጀመሪያ ያኖረው በዚሁ ጎግል ሺትስ ነበር። ያ ገጽ ያሳየው ግን በየቦታው የተደመረ ቁጥርን እንጂ የሕሙማንን ዝርዝር አልነበረም።

አደጋው የሚጀምረው የግለሰቦች መዝገብ ራሱ የገጹ ምንጭ ሲሆን ነው። ጃቫስክሪፕት የሚሠራው በአንባቢው ማሰሻ ውስጥ ነው። ኮዱ ከሠንጠረዡ ሦስት ዓምዶችን ብቻ መርጦ ቢያሳይም፣ አስቀድሞ የጠራው ሠንጠረዥ በሙሉ ወደ አንባቢው ኮምፒውተር ወርዷል፤ የሠንጠረዡም አድራሻ በኮዱ ውስጥ ይነበባል።

ይህ ለአካባቢያችን ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከደጋው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርዱ ሠራተኞች ለካላዛር ይጋለጣሉ፤ በሽታው ከኤች አይ ቪ ጋር ተዳብሎ መገኘቱም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አይከል ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ስም የሌለው ሠንጠረዥ ቀበሌን፣ ዕድሜን፣ ጾታንና የምርመራ ውጤትን ከያዘ፣ ባለቤቱን ለመለየት ጎረቤት መሆን ይበቃል።

መረጃ ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው፤ ክፍት መሆን ያለበት ግን የተጠቃለለው ነው። ጥሬው መዝገብ በተዘጋ ሰነድ ይቀመጥ፤ ገጹ የሚያነበው ድምሮችን ብቻ የያዘ ሌላ ሰነድ ይሁን። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሌላ ገጽ መክፈት ወይም ዓምድ መሸሸግ ይህን አይተካም። ድምርም ቢሆን በየሰዓቱ ሲታደስ ምስጢር ያወጣል፦ የአንድ ቀበሌ ቁጥር ዛሬ ከ7 ወደ 8 ካደገ፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ የሄደው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ስለዚህ ለጤና መረጃ ወርኃዊ እድሳት ከቅጽበታዊው ይሻላል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎችም ከመጠይቁና ከስምምነት ቅጹ ጋር አንድ ጥያቄ ሊጨምሩ ይገባል፦ ድረ-ገጹ የሚያነበው የትኛውን ሠንጠረዥ ነው?