የአትክልት ቦታን የሚያጥር ተክል ስለ መምረጥ

ባለፈው ጊዜ ስለ አበባ መደብ ጽፈን ነበርና፥ ዛሬ ደግሞ አበባውን ከብቦ ስለሚጠብቀው ስለ ሕያው አጥር ጥቂት ቃል ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

በፈረንሳይ አገር የቬርሳይን ቤተ መንግሥት አትክልት በዓይኑ ወይም በሥዕል ያየ ሰው፥ አጥሩ እንደ ግንብ ተስተካክሎ መከርከሙን ሳያደንቅ አይቀርም። ይህን መልክ በአዲስ አበባ ግቢው ሊያየው ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን መልኩን መዋስ ሌላ ነው፥ ተክሉን መዋስ ሌላ ነው። በዚያ አገር ዝናሙ በዓመቱ ወራት ሁሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን አብዛኛው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ በዝቅተኛውም ስፍራ ውርጭ ይጥላል። መሬቱ ዋልካ የሆነ እንደ ሆነ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተክልን በነሐሴ ልምላሜው አይቶ መምረጥ አይገባም፤ በየካቲት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መመርመር ነው።

አጥሩ ቶሎ እንዲደርስለት የሚሻ ሰው ሰንሰል ይትከል፤ ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል ይጸድቃል፥ ከብትም እምብዛም አይደፍረውም። መሬቱ ደረቅና ድንጋያማ ለሆነበት ክትክታ ይስማማዋል። ከብትና ሌባ ለሚያሰጋው ኮሽም እሾኹ ዘበኛ ነው፥ ፍሬውም ይበላል። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አጥር ለሚያስብ ግን ጥድና ወይራ የተመረጡ ናቸው፤ ዕድገታቸው የዘገየ ነውና ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ጥድን የሚከረክም ሰው ከአረንጓዴው አይለፍ፤ ቅጠል የሌለውን አሮጌውን እንጨት ከቈረጠው ዳግመኛ አያቈጠቍጥም።

ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እጅግ ጠቅሟል፤ በአበባ መደብ ዳር ግን እርጥበቱን ጠጥቶ መደቡን ያደርቃል። የቅንጭብም ነጭ ወተት ዓይንን የሚጐዳ ስለ ሆነ፥ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ባይተከል ይሻላል።

መትከያው ጊዜ ክረምት ሲገባ ነው። በዋልካ መሬት ውሃው ሥሩን እንዳያበሰብሰው መደቡን ከፍ ማድረግ፥ ችግኙንም ከወሰን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ መትከል ይገባል። ድንበር የዘለለ ቅርንጫፍ የጐረቤትን ፍቅር ያቀዘቅዛልና፤ በሁለት ችግኝ ስፋት ምክንያት ዳኛ ፊት ከመቆም አንድ ክንድ መሬት መተው ይቀላል። ሲከረከምም ከታች ሰፋ፥ ከላይ ጠበብ ይበል፤ አለዚያ ፀሓይ የማያገኘው የታችኛው ቅጠል ረግፎ አጥሩ ባዶ እግሩን ይቀራል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውሃ ያልተነፈገው አጥር ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግርም። በአንድ ዓመት ግንብ እንዲሆንለት የሚጣደፍ ግን፥ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፥ በየዓመቱ የደረቀውን እየነቀለ አዲስ ሲተክል ይኖራል።