ገዝቶ መገበር

በእንግሊዝና በዌልስ ስላለው የሊዝ ይዞታ ቤት በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁ አንባብያን ያውቃሉ፤ ሕጉ መሻሻል ጀምሯልና እንግዲህ ዝም ልበል ብዬ ሳለሁ፣ በሰሜን ለንደን የሚኖሩ አንዲት እኅታችን በዚህ ሳምንት ያሳዩኝ ደብዳቤ እንደገና ብዕር አስነሣኝ። እኒህ ሴት ዘመናቸውን በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነው ሠርተው፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ እየቀነሱ ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዟት ፍላት ሰርቪስ ቻርጇ፣ ማለት ለሕንፃው ጥገናና አስተዳደር የሚከፈለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኖ መጥቶባቸዋል፤ ምክንያቱን ቢጠይቁም፣ መድኑ ጨምሯል፣ ጣራውም ይጠገናል ከሚል ቃል በቀር ደረሰኝ የሚያሳያቸው፣ ሒሳቡን የሚያስረዳቸው ሰው አላገኙም።

ይህን በኀዘን ለአንድ ሰው ባጫውተው፣ «ታዲያ ፈርመው ገዝተው የለም ወይ?» አለኝ። ከዚህ ሙግት ጋር ጠባችን የቆየ ነው። በብዙ ገጽ በተጻፈ ውል ላይ፣ ሻጩ ራሱ በጠቆመው ጠበቃ ምክር የፈረመ ሰው፣ ዐውቆ ፈቀደ ማለት ከርትዕ የራቀ ነው። በ295 ፓውንድ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ እጥፍ እየሆነ ለባለ መሬቱ የሚከፈል የመሬት ኪራይ በ50ኛው ዓመት 9,440 ፓውንድ ይደርሳል፤ ይህን ቁጭ ብሎ ያስላ ቢባል፣ የትኛው ባለ አእምሮ እጁን ያኖርበት ነበር? እንዲህ ያለውን ውል የፈረሙ ሰዎች ቤታቸውን ሊሸጡ ሲወጡ ባንክ የሚያበድረው ገዢ አጥተው ተቀምጠዋል።

ፍላት የገዛ ሰው የሚገዛው ለ99 ወይም ለ125 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን በውስጧ የመኖርን መብት ነው፤ ዘመኑ ሲፈጸም ቤቷ ወደ ባለ መሬቱ ትመለሳለች። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ከወረደ፣ ማራዘም በሚሻው ሰው ላይ ማሬጅ ቫልዩ የሚባል ተጨማሪ ዋጋ ሲጫንበት ኖሯል፤ ከ350 ፓውንድ የሚበልጥ ውዝፍ ዕዳ ያለበትም፣ ፍርድ ቤት ከፈቀደ፣ ሀብቱን ሁሉ ያፈሰሰባትን ቤት ያለ አንዳች ካሣ ሊነጠቅ ይችላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ፣ የእርሻ መሬት በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ ቀደመ ባለ ርስቱ እንዲመለስ ሲያዝ፣ በቅጥር በተከበበ ከተማ ውስጥ የተሸጠ ቤት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠ ለገዢውና ለትውልዱ እንዲጸና ይደነግጋል። በከተማ ቤት የገዛ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጥ ዘንድ እንደሚገባው ያ ጥንታዊ ሕግ አስቀድሞ አስተውሎታል።

ለማሻሻል የተደከመው ዛሬ አይደለም። በ1967 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች እቈጥራለሁ) የወጣው ሕግ ራሱን የቻለ ቤት በሊዝ የያዙ ሰዎች መሬቱን መግዛት እንዲችሉ ፈቀደ፤ ከባለ መሬቶቹ ወገን የሆኑት የዌስትሚንስተር መስፍን ርስት ባለ አደራዎች ግን ስትራስቡርግ ካለው የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተሟገቱ፣ በ1986ም ተረቱ። በ2022 ለአዲስ ውል የመሬት ኪራይ ቀረ ማለት ይቻላል፤ በ2024ቱ ሕግ ውሉን በ990 ዓመት ማራዘምና ማሬጅ ቫልዩን መሰረዝ ተደነገገ፤ ባለ መሬቶቹ ንብረታችን ተነካ ብለው ከሰሱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2025 ክሱን ጣለው። በጃንዋሪ 2026 የቀረበው ረቂቅ ሕግ ደግሞ ነባሩ የመሬት ኪራይ በዓመት ከ250 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከ40 ዓመትም በኋላ እንዲቀር፣ ስለ ውዝፍ ዕዳ ቤት መንጠቅም እንዲሻር ያስባል። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ፍላት የገዛን ሰው ሙሉ ባለቤት አድርጋ ስታኖር ሕንፃዎቿ አልፈረሱም፤ እንግሊዝም ብትዘገይ ወደዚያው እያመራች ነው።

ነገር ግን የእኅታችን የመሬት ኪራይ በዓመት 100 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ያጎበጣቸው ሰርቪስ ቻርጁ ነው። ባለ መሬቱ አስተዳዳሪውን ይሾማል፤ አስተዳዳሪው ጠጋኙንና የመድን ድርጅቱን ይመርጣል፣ ከመድኑም ኮሚሽን ሲቀበል መኖሩ የታወቀ ነው፤ በምርጫው ሁሉ ቃል የሌላቸው ነዋሪዎች ግን ከፋዮች ናቸው። ሕጉ ተገቢ ያልሆነ ወጪ አይከፈልም ቢልም፣ ወደ ዳኞች ጉባኤ የሄደ ነዋሪ በብዙ ውሎች ምክንያት የተከራካሪውን ጠበቃ ዋጋ ጭምር በሰርቪስ ቻርጁ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። በጁን 14 ቀን 2017 በለንደን በተቀጣጣይ ልባስ የተሸፈነው ግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች የሚገኙባቸው 72 ነፍሳት ካለፉ በኋላም፣ በየከተማው ያሉ የፍላት ባለቤቶች እነሱ ያልመረጡትንና ያላሠሩትን ተቀጣጣይ ልባስ ማስነሻ ሲጠየቁ ቆይተው፣ ጥበቃ ያገኙት ከ5 ዓመት በኋላ በወጣ ሕግ ነው፤ እርሱም ሁሉን አላዳረሰም።

እንግዲህ ፓርላማው እስኪፈጽም ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግድ አይደለም። በ2002 በወጣ ሕግ የተሰጠ ራይት ቱ ማኔጅ የሚባል መብት አለ፤ የባለ መሬቱን ጥፋት ማስረዳት፣ መሬቱንም መግዛት ሳያስፈልግ፣ ቢያንስ የፍላቶቹ ግማሽ ባለቤቶች ተስማምተው ኩባንያ ካቋቋሙ፣ ሌላውን የሕግ መስፈርት ካሟሉም፣ የሕንፃውን አስተዳደር ራሳቸው ይረከባሉ። ከማርች 2025 ወዲህም የባለ መሬቱን የጠበቃ ወጪ የመሸከሙ ግዴታ በአብዛኛው ተነሥቶላቸዋል።

ይህን ስጽፍ ቁጣዬ ከባለ መሬቱ ወደ ወገኖቼ ዘወር ማለቱን አልደብቅም። በባዕድ አገር ዕድር አቋቁመን፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠን፣ በየጊዜው ሒሳብ እየሰማን፣ አስከሬን ሳይቀር ወደ አገር ቤት የምንሸኝ ሕዝብ፣ በምንኖርበት ሕንፃ ስብሰባ ላይ የማንታየው ስለ ምንድር ነው? የሌሊት ሥራ እንደሚያደክም፣ በእንግሊዝኛ መከራከርም እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ሆኖም ሒሳብ ያዥነትን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በማኅበር ተምረነዋል፤ የሕንፃ ጣራና የመድን ውል ከዚያ የሚርቅ ጥበብ አይደለም።

በእኅታችን ሕንፃ 40 ፍላቶች አሉ፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ደረጃ ለደረጃ እየወጡ ለዚሁ ኩባንያ የ17ቱን ባለቤቶች ፈቃድ ሰብስበዋል። ካልፈረሙት መካከል አራቱ የእኛ ሰዎች ናቸው። የኩባንያው አባል መሆን ዕዳ ያመጣብናል ብለው ሠግተው እንደሆነ፣ ኩባንያው ቢፈርስ እንኳ አንድ አባል በአባልነቱ የሚጠየቀው ከ1 ፓውንድ እንደማይበልጥ በደንቡ ተጽፏል። ቅጹ በአንደኛው ፎቅ መምህሩ ቤት አለ፤ የሚጠብቁትም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።