ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ የተሽከርካሪ ጥገና የማን ኃላፊነት ነው?

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። አብዛኛው ነዳጅ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ በረሃና ተራራ አቋርጦ ወደ መሐል አገር ይደርሳል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀምሯል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ የነዳጅ መሸጫ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል።

የዋጋው ጫና የሚያርፈው መኪና ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም። ከፎገራ የሚወጣው ሽንኩርት፣ ከጎጃም የሚጫነው ጤፍና በቆሎ፣ ወደ ገጠር የሚጓጓዘው ማዳበሪያ ሁሉም በጭነት መኪና ይሄዳሉ። የጫኝው መኪና ወጪ ሲጨምር ነጋዴው ለገበሬው የሚከፍለውን ይቀንሳል ወይም ከከተማው ሸማች የሚጠይቀውን ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ያደርጋል። መሪ ይዞ የማያውቅ አርሶ አደርም የነዳጁን ዋጋ በኩንታሉ ላይ ይከፍላል ማለት ነው።

በየመድረኩ የሚነሳው ጉዳይ የዋጋውና የማደያው ሰልፍ ነው። የተገዛው ነዳጅ ምን ያህሉ ሥራ ሠራ፣ ምን ያህሉስ ባከነ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ዋጋውን አሽከርካሪው አይወስነውም፤ ብክነቱን መቀነስ ግን በአብዛኛው በእጁ ነው።

ነዳጁ የሚባክንባቸው መንገዶች

ቀላሉ ምሳሌ ጎማ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩም እሱን ለማንከባለል ተጨማሪ ኃይል ያወጣል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች ባወጣው መረጃ መሠረት በሁሉም ጎማዎች ላይ ግፊቱ በአማካይ በ1 ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥር የነዳጅ ቅልጥፍናው በ0.2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 10 ፒኤስአይ ከጎደለ ብክነቱ 2 በመቶ ይደርሳል። ጎማውም ያለ ጊዜው ያልቃል። ይህን ለማስተካከል ጎሚስታ ቤት ጥቂት ደቂቃ መቆም ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው አየር ማጣሪያ ነው። ኢንጀክሽን ባላቸው ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች የተዘጋ ማጣሪያ በዋናነት የሚቀንሰው ጉልበታቸውን ነው፤ ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ግን ነዳጁን በግልጽ ያበዛል። በጠጠር መንገድ ላይ የሚውል የናፍጣ መኪና ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ናፍጣው በቅጡ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ የተከፈለበት ነዳጅ ነው።

ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኖዝል፣ ተጣብቆ የሚጎተት ፍሬን፣ ለሞተሩ ያልተመደበ ዘይት ሁሉም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። በዚያው መረጃ መሠረት በግልጽ የተዛባ ሞተርን ማስተካከል በአማካይ 4 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል። እንደ ተበላሸ የኦክስጅን ሴንሰር ያለ ከባድ ብልሽት ሲጠገን ደግሞ መሻሻሉ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዳሽቦርድ ላይ የበራውን የሞተር ምልክት ለወራት ችላ ማለት በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በቀን 20 ሊትር የሚጠቀም ሚኒባስ በወር 26 ቀን ቢሠራ 520 ሊትር ይፈጃል። 5 በመቶ ብቻ ቢቆጥብ በወር 26 ሊትር ይተርፈዋል፤ ይህም ከአንድ ቀን ሥራ በላይ ነው። ማደያ ላይ ከሚባክነው ጊዜም አንድ ሰልፍ ይቀንሳል።

ከፍታና ቁልቁለት

የአገሪቱ መልክዓ ምድር ጉዳዩን ያከብደዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር በመሆኑ በደጋ ላይ ማጣሪያው ሲዘጋ የሳሳው አየር ይብሱን ያንሳል።

በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የዓባይ በረሃ ባለ ቁልቁለት ደግሞ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው በፎሌ ይወርዳሉ። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው ዘመናዊ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ በፎሌ ሲሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣሉ። ሞተሩ መኪናውን መያዙ ሲቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ የሚጠፋው ነዳጅ ሳይሆን ሕይወት ነው።

ጥቅሙ የማን፣ ወጪው የማን?

ጥገና ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን አይደረግም? አንዱ ምክንያት የመለዋወጫ ዋጋ ነው፤ ምንዛሪው ሲጨምር ማጣሪያውም ካንዴላውም አብሮ ጨምሯል። ሌላው በሥራ ግንኙነቱ ውስጥ የተደበቀ ነው። በብዙ ሚኒባሶችና ባጃጆች ሹፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ሹፌሩ፣ ጥገናውን ባለንብረቱ ይሸፍናል። ባለንብረቱ ቢጠግን የሚተርፈው ነዳጅ የሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ደግሞ የእሱ ላልሆነ መኪና ገንዘብ አያወጣም። ስለዚህ ሁለቱም ይጠባበቃሉ፤ መኪናው ያረጃል፤ ተሳፋሪው ይከፍላል። መፍትሔው የሁለቱን ጥቅም ማገናኘት ነው፤ ለምሳሌ የጥገናውን ወጪ መጋራት ወይም የነዳጅ ፍጆታን በደብተር እየመዘገቡ ትርፉን መካፈል።

ጉዳዩ ከዚህ በኋላም እየከበደ ይሄዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቁጥራቸው ቢጨምርም ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ፤ በየዓመቱም ያረጃሉ። ስለሆነም ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ማሟያ ብቻ ሳይሆን የጭስና የፍሬን ትክክለኛ ፍተሻ መሆን ይኖርበታል።

የመስኖ ውኃ በሞተር ፓምፕ ለሚስበው አርሶ አደርም ነገሩ ያው ነው። የፓምፑን ዘይት በወቅቱ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ የሚያፈስ ቱቦን መጠገን፣ በጀሪካን የተቀመጠን ነዳጅ አጥርቶ መጠቀም ያው ሊትር ብዙ መሬት እንዲያጠጣ ያደርጋል።

ጥገና የነዳጅ እጥረትን አይፈታም፤ የአቅርቦትና የሥርጭት ችግር የሚመለከተው አካል መልስ እስኪሰጠው ይጠብቃል። የጎማ ነፋስ ግን የማንንም ውሳኔ አይጠብቅም። በመናኸሪያ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር አስነስቶ የሚቆም መኪና እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ያቃጥላል። ቁልፉን ማጥፋት ምንም ወጪ የለውም።