መጥገብና መመገብ

ልጆች ሆይ፥ የጠገበ ሰው ሁሉ በሚገባ የተመገበ ይመስለናል። ነገር ግን ሆድ ሞልቶ ሳለ አካል ሊራብ ይችላል። ስለዚህ ሰው የእንጀራውን ብዛት ብቻ ሳይሆን በማዕዱ ላይ የቀረበውን የምግብ ዓይነት ሊቈጥር ይገባዋል፤ ይልቁንም ቍጥሩን ከቤቱ ታናሽ ልጅ ሊጀምር ይገባዋል እላለሁ።

በመቄት አገር፥ ከጋሸና ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ፍላቂት የምትባል ከተማ አለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና አተር ይበቅልበታል፤ በግና ዶሮም ይረባበታል። እንግዲህ በዚያ የሚኖር አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ እናስብ።

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሕዝቡ ምን ምን ሊመገብ እንደሚገባው የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። መመሪያውም እህልን ከጥራጥሬ፥ ከአትክልት፥ ከፍራፍሬ፥ ከቅባት እህልና ከእንስሳ ከሚገኝ ምግብ ጋራ መብላትን፥ ጨውንና ስኳርን ማሳነስን ይመክራል። የቤቱ ታላቂቱ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ሰምታ በግድግዳው ላይ በከሰል ስድስት መስመር አሰመረች እንበል። ማታ ማታም በየመስመሩ የተበላውን በነጥብ ታመለክት ጀመር።

ሳምንቱ ሲፈጸም የእህሉ መስመር በነጥብ ተሞላ፤ ጧት ቆሎ፥ ቀን ቂጣ፥ ማታ እንጀራ ነበረና። ስለ ሽሮውና ስለ ንፍሮው የጥራጥሬውም መስመር አልጐደለም። ጎመን ሦስት ጊዜ፥ ተልባ ሁለት ጊዜ ተገኘ። የፍራፍሬውና ከእንስሳ የሚገኘው ምግብ መስመር ግን ባዶ ነበረ። ዶሮዎቹ በዚያ ሳምንት ዐሥር ዕንቍላል ጥለው ሳለ አንድ ስንኳ በቤት አልተበላም።

አባትየው፦ «ዕንቍላሉ ለጨውና ለሳሙና ነው፤ እኛ ያደግነው እንዲሁ ነው» አለ። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ የድኻ ቤት ያለ ገበያ አይቆምምና። እናትየው ግን ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅዋን አቅፋ፦ «ሰባቱን እሸጣለሁ፤ ሦስቱ ለዚህ ይቅርለት» አለች።

እኔ ለእናቲቱ እፈርዳለሁ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 41 ያህሉ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አንሶ ተገኝቷል። ይህም መቀንጨር ይባላል። የሚጐዳውም ቁመትን ብቻ አይደለም፤ አእምሮንም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የቀረውን ዕድገት በኋላ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በላስታ ጎረቤት በዋግ አገር በሰቆጣ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን አወጀ፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ እንዲቀር ነው። ሳሙና በሚመጣው ሳምንት ይገዛል፤ የሕፃን ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ በጾም ወራት ለሕፃን ወተትና ዕንቍላል ይከለክላሉ። ነገር ግን ጾም በሕፃናት ላይ የተጫነ ቀንበር አይደለም። ለሚጾሙት ባቄላና ምስር አሉ፤ ሕፃኑ ግን ድርሻውን አይነፈግ።

በግድግዳ ላይ የተጻፈ ነጥብ ጎተራን እንደማይሞላ አውቃለሁ። ዝናብ በቀረ ጊዜ የሚቈጠረውም ይጠፋል። ቢሆንም መቍጠር ያለንን ለማን እንደምንሰጥ ያሳየናል። በብዙ ቤት መልካሙ ቍራሽ ለታላቁ ይቀርባል፤ ታናሹም የተረፈውን ይለቅማል።

እናንተም ማንበብን የተማራችሁ ልጆች፥ ዛሬ ማታ በማዕዱ ዙሪያ ስትቀመጡ ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለታናሽ እኅታችሁ ምን እንደ ደረሰ ተመልከቱ። ያያችሁትንም ለወላጆቻችሁ በትሕትና ንገሩ።