በማታር ጥርሱን የታመመ ሰው ማንን ይመን?

አዲስ አበባ ውስጥ ጥርሱን የታመመ የቢሮ ሠራተኛ የሚቸገረው በምርጫ ብዛት ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ሦስትና አራት የጥርስ ክሊኒክ ታፔላ ያያል፤ ባልደረቦቹን ጠይቆ ወደ አንዱ ጎራ ይላል። ይኸው ሰው በዝውውር ወይም በፕሮጀክት ሥራ ወደ ጋምቤላ ክልል ሄዶ፣ በኑዌር ዞን ዋንቱዋ ወረዳ ማታር ከተማ ላይ ቢታመምስ? «ከነማን ማንን ልምረጥ» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ይህ ባለሙያ እስከ ምን ድረስ ሊረዳኝ ይችላል? ከዚያስ ወዴት ልሂድ?» የሚለው ይተካል።

እንደሚታወቀው የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በታችኛው እርከን፣ ጠቅላላ ሆስፒታል በመካከለኛው፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ በላይኛው ይገኛሉ። በዚህ አሠራር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15 ሺሕ እስከ 25 ሺሕ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺሕ እስከ 100 ሺሕ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ጤና ጣቢያን በዋነኛነት የሚያንቀሳቅሱት ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ናቸው። ወባን፣ ወሊድን፣ ተቅማጥን በሚገባ ያክማሉ። የጥርስ ሐኪም ግን ከዚያ መጠበቅ የእርከኑን አሠራር አለማወቅ ነው።

ለማታር ደግሞ ሌላ ጫና አለ። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ የአካባቢው የጤና ተቋማት የራሳቸውን ነዋሪ ብቻ ሲያክሙ አልኖሩም። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞች ከ300 ሺሕ በላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኮሌራ በክልሉና ከድንበሩ ማዶ ሲዛመት፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተሰኘው ድርጅት ማታር ድረስ ዘልቆ አገልግሏል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ባሮ ሲሞላ ደግሞ መንገዱም የውኃ ይሆናል። ኮሌራና ቁስለኛ በተሰለፉበት ደጃፍ የጥርስ ሕመምተኛ የወረፋው መጨረሻ ላይ ቢቆም አያስገርምም።

አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ሰው ወረፋም መንገድም አይጠብቅም። ፒንሳ ያለው ሁሉ ጥርስ ነቃይ ሆኖ ይታየዋል። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ማለት ነው። ለዚህ ጥርስ ነቃዮችን ተጠያቂ ማድረግ ስህተት ነው፤ ዋነኛው መተላለፊያ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ኤችአይቪም ሆነ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት አካባቢ በደም የተነካ መሣሪያ ከአፍ ወደ አፍ መዞሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በኑዌር ባህል የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ማውጣት ነባር ልማድ ነው። ከደጋ የመጣው የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ከመገረሙ በፊት የራሱን ቤት ቢያስታውስ ይበጀዋል። የሕፃን እንጥል ማስቆረጥና ለተቅማጥ መድኃኒት ይሆናል ብሎ የወተት ጥርስ ማስነቀል በየክልሉ የታየ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በስም ጠቅሷቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው የማን ባህል ይሻላል የሚል ሳይሆን፣ መሣሪያው በማን እጅ፣ በምን ንጽሕና የሚል ነው።

ታዲያ አዲስ መጪ በምን ይለይ? አንደኛ፣ ተቋሙ የሥራ ፈቃዱን በግልጽ ቦታ መስቀሉን፣ ፈቃዱም ያልተቃጠለ መሆኑን ይመልከት። ሁለተኛ፣ የባለሙያውን ማዕረግ ይጠይቅ። በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪምና በመካከለኛ ደረጃ የሠለጠነ የጥርስ ባለሙያ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ የሥራቸው ወሰን ግን ይለያያል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የሚጸዳው በምንድን ነው? ውኃ ማፍላት በቂ አይደለም፤ በግፊት እንፋሎት የሚሠራው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስና በዚያ ሙቀት የተወሰነ ጊዜ መቆየት አለበት። መርፌው ከታሸገበት የሚወጣው በታካሚው ፊት ይሁን። አራተኛውና ምናልባትም ትልቁ፣ ባለሙያው «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ ሪፈር ይጽፋል ወይ? ሁሉን አክማለሁ ከሚል ሰው ይልቅ ወሰኑን የሚያውቅ ነርስ ይታመናል።

ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒትም ምትክ አይሆንም። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሲሰጥ የልጁን ጥርስ ቀለም ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። ከአገጭ ሥር እብጠት፣ ትኩሳት፣ የመዋጥ ወይም አፍ የመክፈት ችግር ከታየ ደግሞ ጉዳዩ የጥርስ መሆኑ አብቅቷል፤ የመተንፈሻ አካልን ሊዘጋ ስለሚችል ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ማምራት ያሻል። ስለሆነም ወደ ማታር የሚመደብ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጥርሱን ማሳየት፣ ሲደርስም ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል፣ ካልሆነም ወደ መቱ ወይም ጅማ የሚወስደው መንገድ በየትኛው ወር እንደሚያስተማምን መጠየቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የግለሰብ ብልኃት ነው። የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የሚችለው ተመዳቢ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ የማታር አርብቶ አደር ግን እዚያው ይቀራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ የጤና ባለሙያዎች የብቃት ፈተና እንዲወስዱ መደረጉ መልካም ጅምር ነው። ፈተናውን ያለፈው ባለሙያ ጠረፍ ላይ ካልቆየ ግን ለማታር ምን ይፈይዳል? በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሥራ ማቆም ጭምር የተገለጸው የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ የከተማ ሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እምነት በመተዋወቅ የሚገነባ ነው፤ በየጊዜው ፊቱ የሚለዋወጥ ባለሙያን ደግሞ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ፈቃድ ያላቸውን ተቋማትና ባለሙያዎች ዝርዝር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በአማርኛም በኑዌርኛም መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሐኪም በጠረፍ እንዲቆይ ማድረግ ግን ወጪ አለው። መንግሥት ይህን ወጪ ካልሸፈነ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ጥርሱን የታመመው ድሃ ነው።