ስለ ሕንጻም ቢሆን እንጨፍራለን

«ስለ ሙዚቃ መጻፍ ስለ ሕንጻ እንደመጨፈር ነው» የምትል አባባል አለች። ባለቤቷ በእርግጥ አይታወቅም፤ አንዱ ለኮሜዲያን፣ ሌላው ለሙዚቀኛ ይሰጣታል። የሚደጋግሟት ግን ሞልተዋል። ስለ አንድ አልበም ጠንከር ያለ ነገር በተጻፈ ቁጥር ከኪሳቸው መዘዝ ያደርጓትና ወሬው በዚያው ይዘጋል። ሙዚቃ ይሰማል፣ ይጨፈርበታል፤ ምን ይጻፍበታል? ይሉናል።

እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፦ ስለ ሕንጻ መጨፈር ምን ነውር አለው? ጨፋሪው የሕንጻውን ክብደት፣ የደረጃውን ርዝመት፣ የመስኮቱን ጥበት በገላው ከነገረን ጎበዝ ነው። ካልነገረን ሰነፍ ነው፤ ጭፈራው ግን ጥፋት የለበትም። ሥነ ጽሑፍ እኮ ከመነሻው ቃል ያልሆነን ነገር በቃል ለመያዝ የሚደረግ ትግል ነው። ፍቅር ቃል አይደለም። ረሃብ ቃል አይደለም። ሞትም ቃል አይደለም። ስለ እነዚህ ሁሉ እንዲጽፍ የተፈቀደለት ብዕር የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ላይ ሲደርስ የሚነጥፈው ለምንድን ነው?

አቋማችንን ሳናድበሰብስ እናስቀምጠው። የሮክ ሙዚቃ ሂስ ከጎበዝ እጅ ሲወጣ ሥነ ጽሑፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ ጎረቤት፣ ወይም ተላላኪ፣ ወይም የእንጀራ ልጅ አይደለም። ራሱ ነው። የሚክዱን ሰዎች ሦስት ክስ አላቸው፦ በሌላው ሥራ ላይ የተለጠፈ ጥገኛ ነው፤ የገበያ ጽሑፍ ነው፤ ከሳምንቱ አያልፍም። በየተራ እንመጣባቸዋለን። መጀመሪያ ግን ተከሳሹን እናስተዋውቅ።

ልጆች የጀመሩት ነገር

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1966 አሜሪካ ውስጥ ፖል ዊሊያምስ የተባለ የ17 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ «ክራውዳዲ» የምትባል፣ በማባዣ ማሽን የተባዛች መጽሔት አወጣ። በ1967 «ሮሊንግ ስቶን» በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1969 ደግሞ «ክሪም» በዲትሮይት ተከተሉ። በመካከሉ፣ በ1968፣ ያ ኩሩው «ኒው ዮርከር» ኤለን ዊሊስ የተባለች ወጣት የመጀመሪያዋ የፖፕ ሙዚቃ ሃያሲው አድርጎ ቀጠረ። ቀድሞ ስለ ሮክ ዘፋኝ ሲጻፍ አብዛኛው ስለ ጸጉሩ አቆራረጥና ስለሚወደው ምግብ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን ሸክላውን ሰው ልብ ወለድ በሚያነብበት ጥንቃቄ አደመጡት። ዩኒቨርሲቲው ሮክን ገና በበሩ አላሳለፈውም ነበርና «እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብሎ የሚቆጣጠራቸው ሽማግሌ አልነበረም። ነጻነታቸውም እብደታቸውም ከዚሁ ይመነጫል።

ከሁሉም የበለጠ ያበደው ሌስተር ባንግስ ነው። «አልሞስት ፌመስ» የተባለውን የ2000 ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን የሚጫወተው፣ ለጀማሪው ልጅ በስልክ ምክር የሚሰጠው ሃያሲ እሱ ነው። በ1948 ካሊፎርኒያ ተወለደ። እናቱ የይሖዋ ምስክር ነበረች፤ አረፍተ ነገሮቹ ውስጥ የሚሰማው ሰባኪ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። ጫማ መሸጫ ውስጥ ሠርቷል። በ1969 ለ«ሮሊንግ ስቶን» መጻፍ ጀመረ፤ በ1973 ሙዚቀኞችን አያከብርም ተብሎ ተባረረ። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት የለም። «ክሪም» ግን ቤቱ ነበር፤ በኋላም ኒው ዮርክ ገባ። እዚያው በ1982 በ33 ዓመቱ ሞተ። አንድም ልብ ወለድ አላሳተመም። ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ግሬል ማርከስ ጽሑፎቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያወጣቸው መግቢያው ላይ አንባቢውን ተፈታተነው፦ ከአሜሪካ ምርጡ ጸሐፊ ከሸክላ ሂስ በቀር ምንም የማይጽፍ ሰው ሊሆን እንደሚችል ተቀበል አለው። ብዙዎች ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ለምን እንዳልሳቅን በምሳሌ እንናገር። በ1975 ሉ ሪድ «ሜታል ማሽን ሚዩዚክ» የሚባል ድርብ አልበም አወጣ። ዘፈን የለውም፣ ድምጻዊ የለውም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጊታርና ማጉያው እርስ በርሳቸው የሚጯጯሁበት ነገር ነው። ባንግስ በማግሥቱ ዓመት ከተሠሩት አልበሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብሎ ጻፈ። ይቀልዳል? ከልቡ ነው? ጽሑፉን ጨርሳችሁም አትለዩትም። ሁለቱም ነው። ሰሙ ሹፈት፣ ወርቁ እምነት። ቅኔ የምናውቅ ሕዝብ ይህን ለማድነቅ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ተለጣፊ ነው ለሚሉን

ወደ መጀመሪያው ክስ እንምጣ። ሃያሲ ጥገኛ ነው ይባላል፤ ዘፋኙ ባይዘፍን ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? ይህን ክስ በአማርኛ የሚያቀርብ ሰው ያስገርመናል። በዚህ ቋንቋ ካሉት ታላላቅ የዝርው ጽሑፍ ሥራዎች አንዱ የመጻሕፍት ትርጓሜ አይደለም እንዴ? የአንድምታ መምህራን ለአንዲት ጥቅስ «አንድም» እያሉ ምሥጢር ሲያወርዱ፣ ታሪክ ሲያመጡ፣ የገበሬውን ኑሮ ምሳሌ ሲያደርጉ የኖሩት ከሌላ መጽሐፍ ላይ ቆመው ነው። ማን ተለጣፊ አላቸው? ቅኔ ቤት ውስጥስ የሚዘርፈው ብቻ ነው ወይ የሚከበረው? ፈችውስ? መጽሐፍ ቅዱስንና የሮክ ሸክላን በአንድ ሚዛን ማስቀመጣችን አይደለም፤ የምናወራው ስለ ሥራው ዓይነት ነው። በሌላ ሥራ ላይ ተመርኩዞ የራስን ሥራ መሥራት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ባንግስ በ1979 ስለ ቫን ሞሪሰን «አስትራል ዊክስ» የጻፈውን እንይ። አልበሙ የወጣው በ1968 ነው። ከ11 ዓመት በኋላ ማንም የማይገዛ የማይሸጥበትን ነገር ይዞ ተቀመጠና አንድ ጥያቄ አወጣበት፦ የሌላውን ሰው ሥቃይ ምን ያህል ማየት እንችላለን? ዓይናችንን የምናዞረውስ መቼ ነው? ጥያቄው ዘፈኑ ውስጥ ነበረ። በቃል ያልተባለ ነበረ። ባንግስ አለው። ይህ ተለጣፊነት ከሆነ እኛም መለጠፍ እንፈልጋለን።

የገበያ ጽሑፍ ነው ለሚሉን

ሁለተኛው ክስ እውነት አለው፤ አንክድም። አብዛኛው የሙዚቃ ጽሑፍ ሰው ኪሱን ከመፍታቱ በፊት የሚያነብበት መመሪያ ነው። ሮበርት ክሪስጋው ከ1969 ጀምሮ አልበሞችን እንደ ፈተና ወረቀት በፊደል ውጤት ሲያርም ኖሯል። የዓምዱን ስም ራሱ የሸማች መመሪያ ብሎታል፤ ሳይደብቅ። ለዚያውም የእሱ አጫጭር አንቀጾች ከብዙ ሰው ረጃጅም ግጥም ይሻላሉ።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በ1974 ጆን ላንዳው የተባለ ሃያሲ ብሩስ ስፕሪንግስቲንን መድረክ ላይ አይቶ የሮክን የወደፊት ዕጣ እንዳየ ጻፈ። አረፍተ ነገሩ የማስታወቂያ መፈክር ሆነ። ሃያሲው ደግሞ ቆይቶ የዘፋኙ ማናጀር ሆነ። ጽሑፉ ከልብ የወጣ አልነበረም አንልም፤ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ላንዳው ስለዚያ ዘፋኝ የሚለው ሁሉ ምንም አይመዝንም። ሃያሲ የሚከፍለው ዋጋ ከሌለ የሚሸጠው ቃል ብቻ ይሆናል።

ዋጋ መክፈል ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ያው ባንግስ አሳይቷል። በ1979 «ቪሌጅ ቮይስ» ላይ ስለ ኒው ዮርክ የፓንክ ሰፈር ዘረኝነት ረጅም ጽሑፍ አወጣ። የከሰሰው ጠላቶቹን አልነበረም። አብረውት የሚጠጡ ጓደኞቹን፣ ያሞገሳቸውን ባንዶች ነበር። የራሱንም የቀድሞ አፍ አልማረም፤ በቀልድ ስም ይወረውራቸው የነበሩትን ስድቦች አውጥቶ ተናገረ። በማግሥቱ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው መጠጥ ቤት እንደሚመለስ እያወቀ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሸቀጥ አስተዋዋቂ አይደለም። የድርሰት ጸሐፊ ነው፤ በጥንቱ ትርጉም።

ኤለን ዊሊስን እንጨምር። በ1977 የሴክስ ፒስቶልስን አንድ ዘፈን ሰማች፤ ሴትን የሚያዋርድ፣ ጽንስ ማቋረጥን በጥላቻ የሚያወራ ዘፈን። እሷ ደግሞ ከዘመኑ ዋና የሴቶች ነጻነት ታጋዮች አንዷ ነች። ዘፈኑን ትጠላው ዘንድ ሁሉም ይጠብቃል። እሷ ግን እውነቱን ጻፈች፦ ቃሉ ቢያስቀይመኝም ድምጹ የሚፈልገውን በድፍረት ስለሚጮኽ እኔንም የምፈልገውን እንድጮኽ ያደርገኛል፤ ለሴቶች ተብሎ የተዘፈነው ለስላሳ ሙዚቃ ግን ያለዝበኛል። እንግዲህ ቅርጽ ከይዘት ጋር ተጣልቶ ሊያሸንፍ እንደሚችል በገዛ ገላዋ የመሰከረች ሴት ይህችን ነው። ስንት የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነው ይህን በሦስት ገጽ የሚያስረዳን? ከሞተች በኋላ፣ ለ2014፣ የአሜሪካ የመጻሕፍት ሃያስያን ማኅበር የተመረጡ ጽሑፎቿን የያዘውን መጽሐፍ በሂስ ዘርፍ ሸለመው። ዘግይቷል፤ ግን ይሁን።

ከሳምንቱ አያልፍም ለሚሉን

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ነሐሴ 1977 ኤልቪስ ፕሪስሊ ሲሞት በዓለም ያሉ ጋዜጦች ሁሉ የሐዘን ጽሑፍ አወጡ። ባንግስም ጻፈ። የእሱ ግን ስለ ኤልቪስ ብቻ አልነበረም። ሰው ሁሉ በየጆሮው የየራሱን ጣዖት ይዞ ሲቀር አብረን የምንወደው ነገር ከወዴት ይመጣል? ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሁሉም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍኖ ሲሄድ ተመልከቱና ጽሑፉ ከሳምንቱ አልፎ እንደሆነ ንገሩን። ደግሞስ በ2016 ቦብ ዲላን የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጥቶት የለም? ዘፈኑ ሳሎን ገብቶ ዘፈኑን ያነበበልን ሰው በረንዳ ላይ የሚቀርበት ምክንያት አይታየንም።

ከጠላት ይልቅ ወዳጅ

ለወዳጆቻችንም አንድ ነገር አለን። ባንግስን አንብበው ያበዱ፣ ሥርዓተ ነጥብ የጣሉ፣ ስለ አልበሙ እንጽፋለን ብለው ስለ ትናንት ሌሊት ስካራቸው የሚጽፉ አሉ። የባንግስ ጽሑፍ ሥነ ጽሑፍ የሆነው በ«እኔ» ስለተሞላ አይደለም። ያ «እኔ» ወደ ሸክላው እየተመለሰ የሚፈተን ስለሆነ ነው። ከበሮው የት እንደገባ፣ ድምጻዊው የትኛዋን ቃል ደጋግሞ እንዳኘካት ያውቃል። ሳይሰሙ ማበድ ሂስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

ብዙ ነገራችን ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን ከፍቶ የአዲስ አበባን ወርቃማ ድምጾች አሳተመ። እነዚያን ድምጾች ለዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ነው የታተመው። ከየአልበሙ ጋር የሚመጣውን ትንታኔ የጻፈው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ። እጁ ይባረክ፤ ምስጋናችን የሐሰት አይደለም። ግን የገዛ አባቶቻችንን ዘፈን ታሪክ ከባዕድ ቋንቋ መልሰን መተርጎማችን ሊያሳፍረን ይገባል። ዘፈኑ የእኛ፣ ስለ ዘፈኑ የተጻፈው የሌላ።

እዚህ አገር ስለ አልበም ሲጻፍ ወይ «ተወዳጁ ድምጻዊ» ይባላል፣ ወይ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ስም እንደ እድር መዝገብ ይደረደራል፣ ወይ ግጥሙ ከዜማው ተነጥሎ ይመዘናል። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ስንቶቻችን ነን የምር የጠየቅን? አምስት ድምጽ ያለው ቅኝታችን በሻከረ ጊታር ውስጥ ሲያልፍ ምን ሆነ? ተሰበረ ወይስ ጉልበት አገኘ? የአዲስ አበባ ልጅ ሮክ ሲጫወት የማንን ቁጣ ነው የሚጮኸው? ወደደውም ጠላውም፣ ይህን ጠይቆ ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው ዘፈኑን ሁለተኛ ጊዜ ወልዶታል።

እናንተ ደግሞ ማታ ማታ ስለ አንድ ዘፈን ቡና ቤት ውስጥ እስከ ጸብ የምትከራከሩት፣ «ይሄን ባስ ስማው!» እያላችሁ የጓደኛችሁን ክንድ የምትጎትቱት፣ ሥራው በእጃችሁ ነው። ክርክሩ ጠዋት አብሮ ይተናል። ጻፉት። ባስ ጊታሩ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ለምን እንዳደረጋችሁ፣ ከዚያ ወዲያ አገሩን በምን ዓይን እንዳያችሁት ጻፉት። አንድ ሰው መጥቶ ስለ ሕንጻ እየጨፈራችሁ ነው ካላችሁ፣ ገለል በልልን፣ ቦታው አልበቃንም በሉት።