ካርታን ያለ እጅ ስለ መምራት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ቡና ለሚያለማ ቤተ ሰብ፥ ማሳው በኮምፒዩተር ካርታ ላይ በትክክል መታየቱ ዛሬ ከቤት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. የጸናው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፥ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና በገበያው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ለማስረጃም ይሆን ዘንድ ማሳው ያለበትን ነጥብ ይጠይቃል። ማሳው ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ግን ወሰኑ ዙሪያውን መሣል አለበት። ሕጉ በሥራ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ነገሩ አልቀረም።

እንግዲህ የዚያ አገር ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል፥ ከሰማይ በተነሣው ሥዕል ላይ ማሳውና ደኑ አንድ መስለው ይታያሉ። የሚለያቸው ከጅረቱ ማዶ ያለችውን ዋንዛ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሽማግሌ ነው። እኒህ ሽማግሌ እጃቸውን ሕመም ያሰረባቸው እንደ ሆነ፥ ልጅ ማውሱን ይዞ «እዚህ ነው አባባ?» ይላል፤ እርሳቸውም «ወደ ግራ፥ አይ፥ አለፍኸው!» ሲሉ ይመሻል። በመጨረሻም የሚሣለው ወሰን የሽማግሌው ዕውቀት ሳይሆን የልጁ ግምት ይሆናል። ስለዚህ ባለ ርስቱ ራሱ ካርታውን የሚመራበት መንገድ እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም እንላለን።

የመጀመሪያው መንገድ ድምፅ ነው። ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ፥ ሰው «ማውስግሪድ» ብሎ ሲናገር ስክሪኑ ቍጥር በተጻፈባቸው 9 ክፍሎች ይከፈላል። አንዱን ቍጥር ሲጠራ ያው ክፍል ደግሞ በ9 ይከፈላል። ሦስት ጊዜ የጠራ ሰው ከስክሪኑ 729 እጅ አንዱን ይዟል ማለት ነው፤ ይህም አንዲትን ዛፍ ለማመልከት የሚበቃ ነው። ካርታውን ወደ ጎን ለማንሸራተት የቀስት ቁልፎችን፥ ለማቅረብና ለማራቅም የመደመርና የመቀነስ ቁልፎችን በስማቸው መጥራት ነው። አፕልም በ2012 ዓ.ም. ይህን የመሰለ አሠራር በኮምፒዩተሮቹና በስልኮቹ ላይ አውጥቷል።

የሚያሳዝነው፥ እኒህ ትእዛዞች በአማርኛ አይሰሙም። ጉግል በነሐሴ 2009 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ስለ ጨመረ፥ በስልክ ላይ «ቴፒ» ብሎ ቦታውን መፈለግ ይቻላል፤ ወሰን መሣል ግን ሌላ ነው። ሆኖም ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቍጥሮችና ጥቂት ቃላትን መማር ከባድ ስላልሆነ፥ ልጆች በምሽት ለአባቶቻቸው ቢያስተምሩ መልካም ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቋንቋ አያሻውም። በአሜሪካ የቦስተን ኮሌጅ ሊቃውንት የሠሩት ካሜራ ማውስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም፥ የአፍንጫን ጫፍ በካሜራ እየተከተለ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል፤ በአንድ ስፍራ ጥቂት ሲቈይም እንደ መጫን ይቈጠርለታል። ቤንችኛ ወይም ሸክኖኖ ለሚናገር ሰው ይህ ይሻላል። በዐይን የሚመራውም አለ፤ አፕል በ2017 ዓ.ም. በስልኮቹ ላይ አውጥቶታል። ነገር ግን ካርታ የሚያይ ዐይን ከስፍራ ስፍራ መቅበዝበዙ ስለማይቀር፥ ለዚህ ሥራ ራስን ማንቀሳቀስ ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን።

በየወረዳው ማሳ የሚመዘግቡ ሹማምንት እጁ የማይታዘዝለት ባለ ማሳ ሲያጋጥማቸው፥ ነጥቡን ከመቀበላቸው በፊት ግማሽ ቀን ሰጥተው ከእኒህ አንዱን ቢያሰናዱለት ወሰኑን ራሱ ያመለክታል። በድምፅ የሚሠራ ሰው ግን ሰዓቱን ይምረጥ፤ በዚያ አገር ዝናሙ ብዙ ስለሆነ፥ የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ በሆነበት ስፍራ ዝናም ሲወርድ ኮምፒዩተሩ «ሦስት» የተባለውን አይለይምና፥ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት ወይም እስኪያባራ መጠበቅ ያሻል።